ካዛንቺስ ተሳፍሮ ሜክሲኮ የወረደ ቃል

ከካዛንቺስ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ደብተር ዘርግቶ ያነበንባል። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚፈተን መሆኑ ያስታውቃል፤ በገጹ ግራ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኙ የአማርኛ ፍቺ ደርድሯል፤ አልያዝ ያለውን በቀይ አስምሮበታል። ሰረቅ አድርጌ ሳይ ከቀዮቹ አንዱ «ፍሬኑለም» ነው። ፍቺው «ከምላስ ሥር ያለች ቀጭን ሥጋ» ይላል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሦስቴ ደገመው። ሲገልጥ ጠፍቶበታል። ይኸኔ ሾፌሩ ፍሬን ረገጠና ሁላችንም ወደ ፊት ተንገጫገጭን።

ልጁ የሚፈልገው ቃል እኮ ከሾፌሩ እግር ሥር ነበር።

ፍሬን የጣሊያኖቹ «ፍሬኖ» ነው። ፍሬኖ ደግሞ ከላቲኑ «ፍሬኑም» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ልጓም ነው። ፈረስ በመኪና ሲተካ ልጓሙ ስሙን ይዞ ወደ መኪናው ገባ። የአውሮፓ ሐኪሞችም ምላስን ወደ ታች ይዛ የምታስቀረዋን ሥጋ «ትንሿ ልጓም» አሏት፤ ፍሬኑለም ማለት ይኸው ነው። እኛስ ያገኘውን የሚዘባርቀውን ሰው «ምላሱ ልጓም የለውም» አይደል የምንለው? እንግሊዝኛው ራስን መግታትን «ሪፍሬይን» የሚለውም ከዚሁ ልጓም ወስዶ ነው።

የተሳፈርንበት ሰፈር ስምም ተቆራርጦ የተሰፋ ቃል ነው። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለራሱ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ መሥራት ጀመረ። የቤቶቹ ግንባታ ኃላፊ «የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ብሔራዊ ተቋም» ነበር፤ ስሙ ስለረዘመ በጣሊያንኛ የመነሻ ፊደላቱ «ኢንቺስ» ይባላል። «ካዜ» ቤቶች ማለት ነው። ካዜ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በአዲስ አበቤ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ተመልሰው ከተማቸው ሲገቡ የመሥሪያ ቤቱ ነገር አበቃ፤ ስሙ ግን ተከራይቶ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛወረ። ቤቶቹ የሉም፤ «ቤቶች» የሚለውን ስም ረዳቶቹ ዛሬም በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይጠሩታል። «ካሲኖ» የሚባለው የቁማር ቤትም ከዚያው «ካዜ» ነጠላ፣ ከ«ካዛ» የወጣ ነው፤ ጥሬ ትርጉሙ ትንሽ ቤት።

እኔ ብጠየቅ ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃል ማጥናት የሚፈልግን ተማሪ አስቀድሜ ጋራዥ እልከዋለሁ። መካኒኩ ዘይት በጠጣ ቱታው መኪና ሥር ተንጋሎ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲል የሚናገረው ስለ መፋተግ ነው። ላቲኑ «ፍሪካሬ» ማሸት፣ መፈተግ ነው፤ እንግሊዝኛ «ዴንቲፍሪስ» የሚለው የጥርስ ማሻ ከዚህ ይወለዳል። «ካምቢዮ» መለወጥ ነው። እንግሊዝኛ ገንዘብ መንዛሪውን «ካምቢስት» ይለዋል፤ አንዱ ማርሽ ይለውጣል፣ ሌላው ዶላር። «መኪና» ራሷ በጣሊያንኛ በኩል ከግሪክ የመጣች ስትሆን የጥንት ትርጉሟ ዘዴ፣ ብልሃት ነው። ብልሃት ሲከፋ ተንኮል ይሆናልና እንግሊዝኛ ሴራን «ማሽኔሽን» አለው። «ፌርማታ»ም ከፌርማታ አያልፍም ብላችሁ እንዳትንቁት፤ በእንግሊዝኛ የሙዚቃ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። አቀንቃኙ ድምፁን ይዞ የሚቆይበት ምልክት ነው። ጫማችንን የሚያሳምረው ሊስትሮም ከ«ሉስትሮ»፣ ከማብረቅ ነው፤ ዝነኛ ሰው በእንግሊዝኛ «ኢለስትሪየስ» ሲባል እንደ ተወለወለ ጫማ አበራ መባሉ ነው።

እርግጥ መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም። እንግሊዞች ወይን፣ ሙቅ ውሃ፣ ስኳርና ሎሚ ደባልቀው ይጠጡት የነበረውን «ኒገስ» ይሉታል። አጻጻፉ በመዝገበ ቃላታቸው ከገባው የእኛ «ንጉሥ» ጋር አንድ ነው። ስሙን የሰጠው ግን ፍራንሲስ ኒገስ የሚባል እንግሊዛዊ ኮሎኔል ነው። ከቤተ መንግሥታችን የወጣ መጠጥ ነው ብሎ የሚከራከር ካጋጠማችሁ ጠጁን እየጠጣ እንዲከራከር ተዉት።

ስታዲየም ጋ መንገዱ ተዘጋጋ። ልጁ ገጽ ገለበጠ። በልቤ የመዝገበ ቃላት ሰው የሆነውን ሳሙኤል ጆንሰንን አሰብኩ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከማሳተሙ 20 ዓመት አስቀድሞ ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ እኛ አገር ነው፤ ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ መልሶት ነው። እዚያ ውስጥ የዐፄ ሱስንዮስን ወንድም የራስ ሥዕለ ክርስቶስን ስም አገኘ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1759 ልብ ወለድ ሲጽፍ የአቢሲኒያውን ልዑል «ራሴላስ» አለው። ማዕረጉን ከስሙ ጋር አጣብቆ፣ ክርስቶስን ቆርጦ ማለት ነው። ካዜ ኢንቺስን ካዛንቺስ ያልነውን እኛን ማን ይወቅሰናል?

ለገሃር ደረስን። ፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው። «ባቡር» ግን በሌላ መንገድ ነው የመጣው። መነሻው «ቫፖሬ»፣ እንፋሎት ሲሆን በዐረብኛ በኩል ዞሮ ነው የደረሰን። ስለዚህም ነው አርመናዊው ሰርኪስ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ፣ ሐዲድ ሳይኖረው «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው።

ከዚያ ወዲያ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ተግባረ እድ አለ። ስሙን ልብ በሉት። ግዕዝ ነው፤ የእጅ ሥራ። ላቲኑም እጅንና መሥራትን አጣምሮ «ማኑፋክቸር» የሚለውን አስገኝቷል፤ ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ አስበዋል። የሚገርመው፣ ተግባረ እድ የተማረው ልጅ ጋራዥ ሲቀጠር የሚናገረው ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ነው። ግዕዙ በር ላይ ቀርቷል፤ ማንም አልከለከለውም፣ መፍቻው ከነስሙ ቀድሞ ስለገባ እንጂ።

«ሜክሲኮ መጨረሻ!» አለ ረዳቱ። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘው በውለታ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን የራሴ ነች ሲል ብዙው መንግሥት ተቀበለ፤ በላዛሮ ካርዴናስ የሚመራው የሜክሲኮ መንግሥት ግን አልቀበልም አለ። መልእክተኛው ኢሲድሮ ፋቤላም በጄኔቫ የኢትዮጵያን ጉዳይ እያነሳ ተሟገተ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። እዚያም አደባባይ በአገራችን ስም ተሰይሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም «ኤቲዮፒያ» የሚለውን ስም ይዟል፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው።

ወርደን ከልጁ ጋር ጭማቂ ቤት ጎራ አልን። አቮካዶ በማንኪያ የሚበላ፣ እንደ ገንፎ የቆመ መጣልን። ስለ ፍሬኑ ነገርኩትና ከቀዩ መስመር አጠገብ «ልጓም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብርጭቆውን እያሳየሁ «ይሄስ?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። አቮካዶ የሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝብ በናዋትል ቋንቋ «አዋካትል» የሚለው ፍሬ ነው። ቲማቲምም «ቶማትል» ነበር፤ እስፓኞች አንሥተውት፣ ዐረቦች ተቀብለውት፣ እኛ ወጥ ውስጥ ጨምረነዋል።

«ታዲያ አደባባዩ ሜክሲኮ ከመባሉ በፊትም ሜክሲኮን በልተነዋል ማለት ነው» አለና ማንኪያውን ላሰ።