በጦርነት ወቅት በወታደሮች በእጅ የተጻፉ ጋዜጦች፦ ምንነት፣ ታሪክና አያያዝ

(በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምንነት

በእጅ የተጻፈ የወታደር ጋዜጣ የሚባለው በግንባር፣ በጦር ሰፈር ወይም በምርኮ ላይ የሚገኙ ወታደሮች ማተሚያ ቤት በሌለበት ሁኔታ በብዕር ወይም በእርሳስ አዘጋጅተው ለጓዶቻቸው የሚያሠራጩት ወቅታዊ ጽሑፍ ነው። ከግል ማስታወሻና ከደብዳቤ የሚለየው ስያሜ፣ ተከታታይ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ለብዙ አንባቢም ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ነው።

በአገራችን በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በግሪካዊው ነጋዴ አንድርያስ ካቫድያስ የተጀመረው «አእምሮ» በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይሠራጭ እንደነበር ይታወቃል። «አእምሮ» የወታደር ጋዜጣ ባይሆንም፣ ማተሚያ መሣሪያ አለመኖሩ ጋዜጣን እንደማያስቀር ያሳያል።

በምርኮኞች ሰፈር

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) በቴክሳስ ግዛት ታይለር ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው በካምፕ ፎርድ የሰሜኑ ጦር ምርኮኞች ታስረው ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ የኮነቲከት 23ኛ ሬጅመንት ባልደረባ ሻምበል ዊልያም ሜይ፣ በ1864 መጀመሪያ «ነባሩ ሰንደቅ» የሚል ትርጉም ያለው ጋዜጣ አዘጋጀ። በጠላት እጅ ሆኖ ለጋዜጣ እንዲህ ያለ ስም መስጠት በራሱ ታማኝነትን መግለጫ ነበር።

ጋዜጣው በሦስት ዕትሞች ብቻ የወጣ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ዕትም ብዛት አንድ ቅጂ ነበር። ፊደላቱ የማተሚያ ፊደል እንዲመስሉ በብዕር ተቀርጸዋል። ቅጂው ከጎጆ ወደ ጎጆ እየተዘዋወረ ይነበብ ነበር። ሦስቱም ዕትሞች ከጥፋት ተርፈው ኋላ በሊቶግራፍ ለመባዛት በቅተዋል።

በሪችመንድ ከተማ በሚገኘው የሊቢ እስር ቤትም በ1863 ሉዊስ ቦድሪ የተባሉ የጦር ሠራዊት ካህን ሌላ የእጅ ጽሑፍ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። እርሱም ለተሰበሰቡት ምርኮኞች ድምፅን ከፍ አድርጎ ይነበብ ነበር።

በግንባር

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ብቻ ወደ 400 የሚጠጉ የምሽግ ጋዜጦች እንደወጡ ይገመታል። አንዳንዶቹ በማተሚያ ቤት የታተሙ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ግን በእጅ ተጽፈው በጄላቲን ይባዙ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጽሑፉ በአኒሊን ቀለም ይጻፋል፤ ወረቀቱ በጄላቲን ገበታ ላይ ተጭኖ ቀለሙን ያስተላልፋል፤ ከዚያም ባዶ ወረቀት በተራ እየተጫነ ጥቂት ደርዘን ቅጂዎች ይወጣሉ። ቅጂው በጨመረ ቁጥር ጽሑፉ እየደበዘዘ ይሄዳል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ጦር ሻምበሎች «የውጊያ ቅጠል» የሚል ትርጉም ያለው ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ በእጅ እያዘጋጁ ከምሽግ ምሽግ ያዘዋውሩ ነበር።

እንደ ታሪክ ምንጭ

የወታደር ጋዜጦች ከይፋዊ ዘገባ የማይገኘውን ያስረዳሉ፦ ጭቃውን፣ አይጡን፣ የምግቡን ነገር፣ የቤት ናፍቆትን፣ ከኋላ ሆነው ስለ ጦርነት በሚያወሩ ሰዎች ላይ የሚሰነዘረውን ቀልድ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ስቴፋን ኦዷን ሩዞ በ1986 ባሳተሙት ጥናት የምሽግ ወታደሮችን ስሜት የመረመሩት በእነዚሁ ጋዜጦች መነሻነት ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጋዜጦቹ ከአዛዦች ዓይን ውጭ አልነበሩም፤ የምርኮኞቹም በአሳሪዎቻቸው እጅ ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ያልተጻፈው ነገር ከተጻፈው ባልተናነሰ ይመረመራል።

በእጅዎ ተመሳሳይ ሰነድ ካለ

አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጽሑፍ ከጠፋ የሚተካው የለም። ስለሆነም በቤተሰብ እጅ የሚገኝ የቆየ የእጅ ጽሑፍ ሲኖር የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል፦

• የተቀደደውን በፕላስተር አያጣብቁ፤ በፕላስቲክም አያሽጉ (ላሚኔት አያድርጉ)። ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሸዋል።
• ከፀሐይ ብርሃንና ከእርጥበት ያርቁ። በተለይ ሐምራዊ የአኒሊን ቀለም በብርሃን በፍጥነት ይደበዝዛል።
• ሳያጥፉ ዘርግተው፣ አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል ያስቀምጡ።
• በዋናው ቅጂ ላይ ቁጥር ወይም ማስታወሻ በብዕር አይጻፉ፤ ብረት ማያያዣም አይጠቀሙ።
• እያንዳንዱን ገጽ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ።
• ሰነዱን ማን እንደጻፈው፣ የትና መቼ እንደተገኘ፣ በማን እጅ እንደቆየ በተለየ ወረቀት ይመዝግቡ። ይህን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ፣ ወረቀቱ ቢተርፍም ታሪኩ ሊጠፋ ይችላል።