የማዋቀሪያ ፋይል መስመሮች ታሪክ

1990 ሊያልቅ ሲል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በጄኔቫ ከተማ አጠገብ በሚገኘው፣ ሰርን በተሰኘው የአውሮጳ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ውስጥ ቲም በርነርስ-ሊ የመጀመሪያውን የዌብ ሰርቨር ሥራ አስጀመረ። ፕሮግራሙ ይሠራ የነበረው ኔክስት በተባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። በዚህም ኮምፒዩተር ላይ፣ መሣሪያው ሰርቨር ስለሆነ ማንም እንዳያጠፋው የሚያስጠነቅቅ በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በዚያ መጀመሪያ ወቅት አንድ ሰው ወረቀቱን ሳያነብ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ በዓለም የነበረው ብቸኛ የዌብ አገልግሎት በተቋረጠ ነበር።

ዛሬ በሊኑክስ ላይ የኤ.ፒ.አይ. ሰርቨር የሚተክል የሙያ ባልደረባችን ወረቀት አይለጥፍም፤ በጥቂት የማዋቀሪያ ፋይሎች ውስጥ ጥቂት መስመሮችን ይጽፋል። ፕሮግራሙ በማን ስም እንደሚሠራ፣ በየትኛው ፖርት ላይ ጥያቄ እንደሚቀበል፣ ከፊቱ ማን እንደሚቆም፣ ሲወድቅም ማን እንደሚያነሣው የሚወስኑት እነዚህ መስመሮች ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ መስመሮቹ ከሌላ ሰው ፋይል ተቀድተው የሚገቡ ናቸው። መቅዳቱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የተቀዳ መስመር ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሰረዛል። ስለዚህ ከመካከላቸው ዋና ዋናዎቹ ከየት እንደመጡ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰርቨር ዋና ሥራ የተቀመጠን ፋይል አንሥቶ ለጠያቂው መስጠት ነበር። በ1993 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ኤን.ሲ.ኤስ.ኤ. በተባለው የሱፐርኮምፒዩተር ማእከል ሮብ ማኩል የጻፈው ሰርቨር ሲ.ጂ.አይ. የተባለውን ስምምነት ይዞ ወጣ። በዚህ ስምምነት መሠረት ሰርቨሩ ጥያቄ ሲደርሰው ሌላ ፕሮግራም ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰውም ፕሮግራም መልሱን በዚያው ጊዜ አዘጋጅቶ ይሰጣል። የዛሬው የኤ.ፒ.አይ. የዘር ሐረግ ከዚህ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ፕሮሰስ መነሣት የነበረበት መሆኑ ነው። ከዚህም የተነሣ ጥያቄ ሲበዛ የኮምፒዩተሩ ጉልበት በመቀስቀሱ ሥራ ያልቅ ነበር።

ማኩል በ1994 ማእከሉን ሲለቅ የሰርቨሩ እድገት ቆመ። ተጠቃሚዎቹም በየግላቸው ያገኙትን ስሕተት እያረሙ እርማቱን በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ይለዋወጡ ጀመር። በ1995 መጀመሪያ ላይ ስምንት ሰዎች እነዚህን እርማቶች ባንድነት አሰባስበው አፓቼ የተባለውን ሰርቨር መሠረቱ፤ በ1996ም አፓቼ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት የዌብ ሰርቨር ለመሆን በቃ። በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስም ተራውን የግል ኮምፒዩተር ለሰርቨርነት ስላበቃው ሁለቱ አብረው ተስፋፉ።

ሊኑክስ ከዩኒክስ ከወረሳቸው ደንቦች አንዱ፣ በተለመደው አሠራር ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች የመክፈት መብት ሩት ለተባለው ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ ብቻ የተሰጠ መሆኑ ነው። የዌብ ፖርት ደግሞ 80 ነው። እንግዲህ ሰርቨሩ በሩን ለመክፈት ሩት መሆን ግድ ሆነበት። ይሁን እንጂ ከማያውቀው ዓለም የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ በሩት ሥልጣን ካስተናገደ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለች አንዲት ስሕተት መላውን ኮምፒዩተር ለአጥቂ አሳልፋ ልትሰጥ ትችላለች። የተገኘው መፍትሔ ሥልጣንን መከፋፈል ነበር። ይኸውም ወላጁ ፕሮሰስ በሩት ስም ፖርቱን ይከፍታል፤ ጥያቄ የሚቀበሉት ልጆቹ ግን ሥልጣኑ እጅግ ወደተወሰነ ተጠቃሚ ይለወጣሉ። ይህ ተጠቃሚ በቀድሞው ልማድ «ኖቦዲ»፣ ማለትም «ማንም ያልሆነ» ይባል ነበር። በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ዩዘር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚጻፈው ስም ይህን ታሪክ የያዘ ነው። የፈቃድ ችግር ገጥሞት ስሙን ወደ ሩት የሚለውጥ ሰው ችግሩን ያቃለለ ይመስለዋል እንጂ ያፈረሰው የመከላከያውን ግንብ ነው።

በ2000 ከአፓቼ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሮይ ፊልዲንግ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ሬስት የተባለውን የአሠራር ሥርዐት አብራራ። ዌብ ለሰው ዐይን ገጽ ከማቅረብ አልፎ ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት መንገድ እየሆነ ሲሄድ የዚህን ሥርዐት ስም ይዘው የሚሠሩ ኤ.ፒ.አይ.ዎች በዙ። ቀድሞ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ይቀሰቀስ የነበረው ፕሮግራምም ሁልጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ፣ የራሱ ፖርት ያለው ሰርቨር ሆነ። የሚሠራውም ከ1024 በላይ በሆነ ፖርት፣ ለምሳሌ በ8000፣ ስለሆነ የሩት ሥልጣን አያሻውም።

በ1999 ዳን ኬግል አንድ ሰርቨር 10,000 ደንበኞችን ባንድ ጊዜ እንዴት ሊያስተናግድ ይችላል የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ኢጎር ሲሶየቭ በ2002 ጀምሮ በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ኤንጂንኤክስ ጥቂት ፕሮሰሶች እያንዳንዳቸው እጅግ ብዙ ግንኙነቶችን እንዲይዙ በማድረግ ለጥያቄው መልስ ሰጠ። ከዚህ በኋላ ባለ ሁለት ደረጃው አተካከል እየተለመደ ሄደ። ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቼ ከፊት ቆሞ በ443 ፖርት የተመሰጠረውን ግንኙነት ይቀበላል፤ ኤ.ፒ.አይ.ው ደግሞ ከኋላው ሆኖ በ127.0.0.1 አድራሻ ያዳምጣል። ይህ አድራሻ ከዚያው ኮምፒዩተር ውጭ የማይደረስበት ነው። አንድ ሰው ለሙከራ ብሎ አድራሻውን ወደ 0.0.0.0 ለውጦ ሳይመልሰው ቢቀርና በመካከሉ ሌላ መከላከያ ባይኖር፣ የፊቱ ዘበኛ ቆሞ ሳለ የጓሮው በር ክፍት ይሆናል። የሰዎች የግል መረጃም ሳይመሰጠርና በፊቱ ሰርቨር መዝገብ ሳይጻፍ ሊወጣ ይችላል።

የራሳችንን ፊደል በቀጥታ የነካ መስመርም ነበር። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የገባ ሲሆን በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ነገር ግን ከአፓቼ 2.0 ጋር ይመጣ የነበረው የማዋቀሪያ ፋይል የምዕራብ አውሮጳን የፊደል ኮድ የሚያውጅ መስመር ነበረው። በመሆኑም ሰርቨሩ ይህን ሲያውጅ አንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆኖ ይነበብ ነበር። ጽሑፉም ፕሮግራሙም ትክክል ሆነው ሳለ ጥፋቱ የአንዲት መስመር ነበር።

በመጨረሻም በ2010 የተዋወቀውና ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ውስጥ የሚገኘው ሲስተምዲ «ሪስታርት» በምትል መስመር የወደቀውን ፕሮግራም ያነሣል። የሰርኑ ቀይ ወረቀት ሥራ ለዚህች መስመር ተላልፎላታል ማለት ይቻላል። ሆኖም ወረቀቱ አንድ ብልጫ ነበረው፤ ምክንያቱን ለአንባቢው ይናገር ነበር። እኛም ከወረቀቱ ይህን ብንወስድ መልካም ነው። በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሰርቨሩ ለማያነበው ማስታወሻ የተፈቀደ ቦታ አለ። ሰርቨር የሚተክል ባልደረባችን በየመስመሩ አጠገብ ለምን እንደጻፈው በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስቀምጥ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ የትኛውን መስመር መንካት እንደሚችልና የትኛውን መተው እንዳለበት ያውቃል።