የድምፅ ስቅጣጤ፦ ለሚሶፎኒያ የሚሆን ስም

«የድምፅ ጥላቻ» የሚለው አጠራር ሥር ሳይሰድ ቢነቀል እወዳለሁ። ሚሶፎኒያን፣ ማለትም እንደ ማኘክ ያሉ የተወሰኑ ድምፆችን መቋቋም አለመቻልን፣ በአማርኛ ለማስረዳት የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ የሚያሳስተውም አለ። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ፓዌልና ማርጋሬት ጃስትሬቦፍ «ሚሶስ» እና «ፎኔ» የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው የገጣጠሙት፤ ጥላቻና ድምፅ ማለት ነው። ቃል በቃል ከሆነ እንግዲህ ትርጉሙ ልክ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሰው ላይ ሲለጠፍ ነው።

እዚህ አርሲ ውስጥ፣ ጎበሳ፣ አንዲት የጎረቤት ልጅ አለች። ቡና ሲወቀጥ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲንጫጫ ምንም አትል። የገብስ ቆሎው መዞር ሲጀምር ግን ትከሻዋ ይሰበሰባል። አንድ ቀን አጠገቧ የተቀመጡት አክስቷ እፍኝ ዘግነው መቆርጠም ሲጀምሩ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ስትጠመዝዝ ቆይታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ብድግ ብላ ወጣች። እናቷ ተከትለዋት፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት ጥጋብ ነው? አክስትሽን ጠልተሽ ነው?» ሲሏት፣ «ኧረ እማዬ፣ እሳቸውን ምን ብዬ እጠላለሁ! ድምፁ ይሰቀጥጠኛል እንጂ» አለች።

የእናትየው ጥያቄና የልጅቱ መልስ የሚለያዩት በግሱ ነው። «ጠላሁ» ባልሁ ጊዜ አድራጊው እኔ ነኝ፤ የጠላ ሰው ደግሞ ይመከራል፣ ይወቀሳል፣ ይቅር በል ይባላል። «ሰቀጠጠኝ» ባልሁ ጊዜ ግን አድራጊው ድምፁ ነው፣ እኔ የደረሰብኝ ነኝ። አማርኛ ያለ ሰው ፈቃድ ለሚመጣ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚናገረው፦ ራበኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ቀፈፈኝ። እዚሁ አርሲ አብሮን የሚኖረው አፋን ኦሮሞም «ና ቤለኤራ» ሲል ርሃቡን በሰውየው ላይ የሚመጣ አድርጎ ነው። እንዲህ ያለ ሰዋስው እያለን ያልበደለን ሰው በበዳይ ግስ መጥራት ለቋንቋችንም ለሰውየውም ግፍ ነው።

ሳይንሱም የሚያግዘው ልጅቱን ነው። በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳዩት፣ ችግሩ ያለባቸው ሰዎች የማኘክን ወይም የትንፋሽን ድምፅ ሲሰሙ ስሜትን የሚያስተናብር አንድ የአንጎል ክፍል ከሌላው ሰው እጅግ በርትቶ ይሠራል፣ የልብ ምታቸውም ይጨምራል። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት የጋራ ትርጓሜም ስለ ጥላቻ አያወራም፤ የተወሰኑ ድምፆችን የመቋቋም አቅም መቀነስ ነው የሚለው። ግሪክኛው ራሱ የሳተውን እኛ ታማኝ ተርጓሚ ሆነን የምንወርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌሎቹንም አማራጭ ስሞች እንያቸው። «ድምፅ ጠል» የሚለው አጭር ነው፣ ለአፍም ይመቻል። ነገር ግን «ጠል» የምትለው ቅጥያ ዛሬ በፖለቲካችን ውስጥ ያልገባችበት ጎሬ የለም፤ እገሌ ጠል፣ እነ እገሌ ጠል እየተባለ ስንቱ ተሰዳድቦባታል። «ድምፅ»ም በምርጫ ሰሞን ሌላ ነገር ነው። «የድምፅ ጥላቻ» ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ካስለመደን «የጥላቻ ንግግር» አጠገብ ሲቀመጥ የሚያስከስስ ወንጀል ይመስላል። ከግእዝ ልቅዳ ያለም «ጸላኤ ድምፅ» ሊል ይችላል፤ ይህን የሰማ አንባቢ ግን ወዲያው የሚመጣበት «ጸላኤ ሠናያት» ነው። በሰይጣን መጠሪያ ልጅ አይጠራም።

ወጣቶቹ «የድምፅ አለርጂ» ይላሉ። ቢያንስ ደግነት አለበት፣ ጥፋቱን ከሰውየው ላይ ያነሳል። አለርጂ ግን የሰውነት መከላከያ ጉዳይ ነው፤ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ፋርማሲ ሄዳ የማሳከክ ኪኒን ብትገዛ ያሳሳታት ስሙ ነው።

እጅግ የተፈተንሁት «መንገሽገሽ» ላይ ነው። «አንገሸገሸኝ» እንደ «ሰቀጠጠኝ» በሰውየው ላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ቁጣም መጸየፍም አለበት፣ ሚሶፎኒያ ያለበት ሰው ደግሞ ከፍርሃት ይልቅ የሚያማርረው ቁጣውን ነው። የከለከለኝ ጊዜው ነው። ሰው የሚንገሸገሸው ነገር ሲደጋገምበት፣ ሲሰለቸው፣ አፍንጫው ድረስ ሲደርስ ነው። ይኼኛው ግን አይጠራቀምም፤ ከመጀመሪያው ቁርጥሚያ ጋር እኩል ይደርሳል። ስቅጥጥ ማለት እንዲያ ነው፣ ብረት ከድንጋይ ሲፋጭ ሰውነት ሳያስብ የሚለው።

ስሙን ለማውጣትም ሩቅ አያስኬድም። ከደነገጠ ድንጋጤ፣ ከደነዘዘ ድንዛዜ እንዳልን ከሰቀጠጠ ስቅጣጤ እንላለን፤ «የድምፅ ስቅጣጤ»። በዜና «ሰቅጣጭ ግድያ» እየተባለ ቃሉ ደም ነክቶታል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ነክቶታል። እንዲያም ሆኖ ከየቤቱ አልወጣም፤ ጥፍሩን ሰሌዳ ላይ የሚፍቅ ተማሪ ያበሳጨው ሁሉ ዛሬም የሚለው ይህንኑ ነው።

ይህን ያህል በስም የምከራከረው ድጋፍ በስም ስለሚጀምር ነው። በአሜሪካ እንደ ሶኳየትና የሚሶፎኒያ ማኅበር ያሉ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የተነሡት ሰዎቹ የጋራ መጠሪያ ካገኙ በኋላ ነው፤ ያንኑ ስም ይዘው ነው ተመሳሳዮቻቸውን የሚያገናኙት፣ ለትምህርት ቤትና ለአሠሪ የሚያስረዱት። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ እርግማንና ቁጣ ይባል ለነበረው ነገር ሌላ መጠሪያ ይዘው ነው ወላጆችን ከጓዳ ያወጡት። እሳቸው «ኦቲዝም»ን እንዳለ ወሰዱት፣ ሰመረላቸውም። «ሚሶፎኒያ»ም በሐኪም ካርድ ላይ እንዳለ ቢጻፍ አልቃወምም። በአንድ መሶብ ዙሪያ ለሚበላ፣ በጉርሻ ለሚዋደድ ቤተሰብ ግን «ብቻዬን ልብላ» የምትል ልጅ ንቀቷ እንዳልሆነ የሚያስረዳው የቤት ቃል ነው።

ማኅበር ለማቋቋም ሕጉም ከድሮው ይሻላል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በአካል ጉዳተኞችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ያግድ ነበር፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ገደብ አንሥቶታል። እንግዲህ «ድምፅ የሚሰቀጥጣቸው ሰዎች ማኅበር» ተብሎ መመዝገብ ይቻላል። «ተጠቂዎች» የሚለውን መጨመር አያስፈልግም፣ ግሱ ራሱ ብሎታል።

እስከዚያው ወላጅ ለትምህርት ቤት ማመልከቻ ሲጽፍ «ልጄ የድምፅ ስቅጣጤ ስላለባት በፈተና ሰዓት ጆሮዋን እንድትደፍን ይፈቀድላት» ይበል። የሚያነበው ርእሰ መምህር መዝገበ ቃላት ሳያወጣ ይገባዋል።