ሳትሱኪ አዛሊያን ለቦንሳይ ከዘር ማብቀል

ሳትሱኪ አዛሊያ በጃፓን ለቦንሳይ ከሚመረጡ የአበባ ቁጥቋጦዎች ግንባር ቀደሙ ነው። በሮዶዴንድሮን ወገን የሚመደብ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የዛሬ ዓይነቶች የተገኙት ከሮዶዴንድሮን ኢንዲኩምና ከሮዶዴንድሮን ኤሪዮካርፑም መዳቀል ነው። የሚያብበው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘው አስታ የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ አባል ነው።

በኤዶ ዘመን ችግኝ አፍልቶ ይሸጥ የነበረው ኢቶ ኢሄይ እ.ኤ.አ. በ1692 «ኪንሹ ማኩራ» የተሰኘ፣ ስለ አዛሊያና ሳትሱኪ በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍ አሳትሟል። ዓይነቶቹ ከዚያ ወዲህ እጅግ በዝተዋል። ስም ያለው ሳትሱኪ ግን የሚራባው ቅርንጫፉ ተቆርጦ እየተተከለ ነው። ከዘሩ የሚበቅለው ችግኝ እናቱን አይመስልም፤ ኦሳካዙኪ የተባለውን ዓይነት ዘርቶ ኦሳካዙኪን የሚጠብቅ ሰው ይከፋዋል። ከዘር ማብቀል የሚያዋጣው ማንም ያላየውን አበባ ለሚፈልግ ነው።

ማዳቀል የሚጀምረው አበባው ሳይፈካ ወንዴ ክሮቹን በመንቀል ነው። ሴቴው ጫፍ መለጠፍ ሲጀምር የሌላው ዓይነት የአበባ ዱቄት ይቀባል። ዱቄቱ በቀጫጭን ክሮች ስለሚያያዝ ተግተልትሎ ይወጣል። የዘር ከረጢቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡናማ ይሆናል፤ ሳይሰነጠቅ ካልተለቀመ ዘሩ በነፋስ ይበተናል። የአንዱ ከረጢት ዘር በመቶዎች ሊቆጠር ይችላል፤ ሲያዩት ግን ትቢያ ነው።

ይህ ዘር አፈር አይለብስም፤ ለመብቀል ብርሃን ይሻል። ስፋግነም የሚባለው የረግረግ ተክል ደርቆና ተወንፍቶ ይረጥባል፣ ዘሩ ከላዩ ይነሰነሳል፣ ዕቃው በመስታወት ይሸፈናል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ ሙቀት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። አስቸጋሪው ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው፦ ለአንድ ቀን ቢደርቁ ያልቃሉ፣ አየር ቢያጡ ሻጋታ ከሥራቸው ይቆርጣቸዋል። ውሃው በጭጋግ መልክ ይረጫል፤ የዝናብ ውሃ ይመረጣል፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ተክሉን ብረት ስለሚያሳጣው ቅጠሉን ያስቢጫል።

ችግኞቹ ሲጠነክሩ ወደ ካኑማ ይዛወራሉ። ካኑማ በቶቺጊ ግዛት በካኑማ ከተማ አካባቢ የሚቆፈር፣ ከአካጊ ተራራ የተተፋ አሲዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚነጣ ውሃ የሚጠጣበትን ሰዓት ራሱ ይናገራል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም።

የመጀመሪያው አበባ በአብዛኛው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ይወጣል። አርቢው ያን ጊዜ ጥቂቶቹን አስቀርቶ ብዙዎቹን ያስወግዳል። ግንዱን ማጣመም ግን አበባውን አይጠብቅም። የአዛሊያ እንጨት ሲያረጅ ተሰባሪ ስለሆነ፣ ለጋ ሳለ በሽቦ ይጠማዘዛል። ለማወፈር ሰፊ ዕቃ ውስጥ ወይም መሬት ላይ ለዓመታት ይተዋል፤ በቦንሳይ ሳህን ውስጥ ግንድ አይወፍርም። ብዙ ዛፎች ከአናታቸው ሲበረቱ አዛሊያ የሚበረታው ከታች ነው፤ ስለዚህ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ጠንከር ተደርገው ይከረከማሉ፣ ጫፉ ይታዘንለታል። የመከርከሚያው ወቅት አበባው እንደረገፈ ነው፤ የከርሞው እምቡጥ በበጋ ስለሚቋጠር የዘገየ መቀስ አበባውን አብሮ ይቆርጣል።

የአዛሊያ ቅጠልና የአበባ ማር ግራያኖቶክሲን የተባለ መርዝ ስላለው ሕፃናትና ከብቶች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል።