የዳክዬ አደንና የጠመንጃው ልክ

በኢትዮጵያ የቀድሞ ልማድ አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጣለ ተብሎ ይፎከርለት፣ ይዘፈንለትም ነበር። የአዳኙ ክብር የሚመዘነው አውሬው በሚያመጣበት አደጋ ነበር። ዳክዬ ግን በማንም ላይ አደጋ የማታደርስ የውሃ ወፍ ስለ ሆነች የአዳኟ ክብር በምን ይመዘናል? ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ በሰሜን አሜሪካ ሲያከራክር ኖሯል፤ የክርክሩም አንዱ ዋና ነገር የጠመንጃው ልክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወፍ ጠመንጃ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎችን የሚረጭ መሣሪያ ነው። ስፋቱ የሚነገረው በልዩ ቁጥር ነው፤ ይኸውም አንድ ፓውንድ ወይም 454 ግራም ያህል እርሳስ፣ በአፈ ሙዙ ልክ ድቡልቡል ሆኖ ቢሠራ ስንት ጥይት እንደሚወጣው ያመለክታል። ስለዚህ ቁጥሩ በበዛ መጠን ጠመንጃው ይጠባል። ባለ 12 ቁጥሩ 18.5 ሚሊሜትር፣ ባለ 20 ቁጥሩ 15.6 ሚሊሜትር፣ ባለ 28 ቁጥሩ 14 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች በሚገኘው በቼሳፒክ የባሕር ሰላጤ ዳክዬ የሚታደነው ለገበያ ጭምር ነበር። የገበያ አዳኞች ከትከሻ ላይ ሊተኮስ የማይችል ከባድ ጠመንጃ በዝቅተኛ ጀልባ ላይ አጋድመው፣ በሌሊት ወደ ተኛው መንጋ ቀስ ብለው እየቀዘፉ ይጠጉ ነበር። መሣሪያው ግማሽ ኪሎ ያህል እርሳስ በአንድ ጊዜ ስለሚተፋ በአንድ ተኩስ በዐሥር የሚቆጠሩ ወፎች ይወድቁ ነበር። የሞቱት በበረዶ ተጠብቀው በባቡር ወደ ባልቲሞር፣ ወደ ፊላዴልፊያና ወደ ኒውዮርክ ሆቴሎች ይላኩ ነበር። ቆስለው በጨለማ የበረሩትን ግን የቆጠራቸው ሰው አልነበረም።

የወፎቹ ማነስ እየታወቀ በሄደ ጊዜ መንግሥት ሕግ ማውጣት ጀመረ። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ፣ ሕግ ተጥሶ የተገደለን አውሬና ወፍ ከግዛት ወደ ግዛት ወስዶ መነገድን ከለከለ። በ1914 ደግሞ ቀድሞ ሰማይን ያጨልም ከነበረው የተጓዥ እርግብ ዘር የመጨረሻዪቱ በሲንሲናቲ መካነ አራዊት ሞተች፤ ይህም በቁጥር መብዛት ብቻውን ከጥፋት እንደማያድን ለሁሉ አስረዳ። በ1916 አሜሪካና ስለ ካናዳ ሆና ብሪታንያ ስለ ተሻጋሪ ወፎች ውል ተዋዋሉ፤ በ1918ም ውሉን የሚያስፈጽም ሕግ ወጣ። በዚህም የዳክዬ ንግድ ቀረ፤ ከባለ 10 ቁጥር የሰፋ ጠመንጃም ተከለከለ። የሚዙሪ ግዛት ሕጉን ተቃውሞ ቢከራከርም የበላዩ ፍርድ ቤት በ1920 ሕጉን አጸናው።

በ1930ዎቹ ዓመታት ታላቅ ድርቅ ዳክዬዎቹ የሚፈለፈሉባቸውን ኩሬዎች ባደረቀ ጊዜ ሌላ ጥብቅ ሥርዓት ተጨመረ። በ1934 የውሃ ወፍ አዳኝ ሁሉ ዕድሜው 16 ዓመት ከሞላ የአንድ ዶላር ቴምብር እንዲገዛ ታዘዘ። ገንዘቡ ረግረግ ቦታን ለመጠበቅ የሚውል ሲሆን የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው የወቅቱ የሥራው ኃላፊና የታወቀው የጋዜጣ ሠዓሊ ጄ. ኤን. ዳርሊንግ ነበር። በ1935ም በሕይወት ባሉ ዳክዬዎች ሌሎቹን ማባበል፣ እህል በትኖ መሳብና ከሦስት ጥይት በላይ በሚጎርስ ጠመንጃ ማደን ተከለከለ።

እነዚህ ሕጎች ሁሉ ትልቁን ጠመንጃ የሚገቱ ናቸው። ትንሹን ጠመንጃ በሚመለከት ግን ነገሩ የተለየ ነው። ባለ 28 ቁጥሩ ለመሸከም ቀላል፣ ትከሻን የማይመታ፣ ለወጣትና ለሽማግሌ የሚስማማ ስለ ሆነ ወዳጆች አሉት። አንዳንዱም በጠባብ መሣሪያ ማደን ለወፏ ዕድል መስጠት ነው ይላል። ይህ አነጋገር ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። የባለ 28 ቁጥሩ የተለመደ ጉርሻ 21 ግራም እርሳስ ሲሆን የባለ 12 ቁጥሩ ከ32 ግራም ይበልጣል። መጠናቸውና ፍጥነታቸው እኩል ከሆነ የእያንዳንዱ ፍሬ ኃይል በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ የሚለየው የፍሬዎቹ ብዛት ነው። ስለዚህ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የትንሹ ጠመንጃ ፍሬ ይሳሳል፤ ወፏም በአንድ ወይም በሁለት ፍሬ ብቻ ተመትታ ትበርርና በሸምበቆ ውስጥ ቀስ በቀስ ትሞታለች። ይህ ለወፏ የተሰጠ ዕድል ሳይሆን የረዘመ ስቃይ ነው።

ከ1991 ወዲህ ደግሞ ችግሩ ከበደ። ዳክዬዎች በጭቃ ውስጥ የቀረውን እርሳስ እንደ ጠጠር ወይም እንደ ዘር እየዋጡ ይመረዛሉ። ፍራንክ ቤልሮዝ የተባለው ሊቅ በ1959 ባሳተመው ጥናት ከሰሜን አሜሪካ የውሃ ወፎች በየዓመቱ ከመቶው ሁለት ወይም ሦስት እጅ በዚህ እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በመጨረሻም በ1991 ለውሃ ወፍ አደን እርሳስ በመላው አሜሪካ ተከለከለ። በምትኩ የመጣው ብረት ግን ከእርሳስ ይቀላል፤ በአየር ላይ ኃይሉን ቶሎ ያጣል፤ በጠባብ ቀለህም ውስጥ በቂ ሆኖ አይገባም። ከብረት የሚከብዱት ቢስመትና ተንግስተን ጉድለቱን ቢያቃልሉም ዋጋቸው ውድ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ የሆነ የትንሽ ጠመንጃ ባለቤት ከ25 እስከ 30 ሜትር ከሚሆን ርቀት በላይ አይተኩስም። ከእንጨት በተሠራ ምስለ ዳክዬ እያባበለ፣ ወፎቹ ለማረፍ እግራቸውን እስኪዘረጉ ድረስ ይጠብቃል፤ ወደ መንጋው በጅምላ ሳይሆን አንዲቱን ለይቶ ያነጣጥራል፤ የወደቀችበትንም ቦታ ልብ ብሎ ከውሻው ጋር ይፈልጋል። የቆሰለችውን መፈለግ በሕግም ግዴታ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ከባለ 10 ቁጥር የሰፋ ጠመንጃ አትያዝ ይላል እንጂ ከዚህ የጠበበ አትያዝ ብሎ አልወሰነም። ይህን ለአዳኙ ፍርድ ተወው። የገበያው አዳኝ በስግብግብነት ያቆስል እንደ ነበር ሁሉ የዛሬውም አዳኝ በትንሽ መሣሪያው ሲኩራራ ሊያቆስል ይችላል። ርቃ የምታልፈውን ዳክዬ አይቶ ጠመንጃውን ዝቅ ያደረገ ሰው ፎካሪ ባይኖረውም ክብሩን ጠብቋል።