የጃንሆይ ትራስ ስንት ነው?

መቂን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሚኒባስ ጥጉን ይዞ በቆመ ቁጥር ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በመስኮት ይገባል። ባለፈው ከሻሸመኔ ስመለስ ያጋጠመኝ ሻጭ ግን ከውጭ አልመጣም፤ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። አሮጌ ብርና ጋዜጣ እንደምሰበስብ ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የጃንሆይን ትራስ ላሳይህ?» አለኝ። የታፈኑበትን ማለቱ ነው። ፎቶውን በሞባይሉ አሳየኝ። ትራሱ ጠርዝ ላይ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዴት እንደሚታጠብ የሚመክር ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል።

ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ትራሱ እውነተኛ ቢሆን ኖሮስ እገዛው ነበር?

ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ሞቱ። ደርግ በማግስቱ ሞቱን ከሕመምና ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያይዞ ነገረን። («ነገረን» አልኩ እንዴ? እኔ እንኳ ገና አልተወለድኩም።) ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም፣ አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከኮንክሪት ሥር ተቆፍሮ ወጣ። በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። የደርግ ሰዎች ችሎት ሲቀርቡ፣ ንጉሡን አልጋቸው ላይ አንቆ መግደል ከክሱ አንዱ ነበር። መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት በ1999 ዓ.ም ጥፋተኛ ተባሉ። በአፍ የሚነገረው ታሪክ ደግሞ ትራስ አለበት። የጎረቤቴ ንግድ የመጣው ከዚህ ነው።

ፈረንጅ በዚህ አያፍርም። ኬኔዲን ገደለ የተባለው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ መጀመሪያ የተቀበረበት የእንጨት ሣጥን በ2010 እ.ኤ.አ. በጨረታ 87,469 ዶላር አውጥቷል። ወንድሙ ከስሶ ነው ሣጥኑን ያስመለሰው። የኮንጎው ፓትሪስ ሉሙምባ ግን ይብሳል። በ1961 ከተገደለ በኋላ ሬሳውን በአሲድ ያጠፋው የቤልጂየም ፖሊስ ጥርሱን ነቅሎ ወሰደ፤ እንደ አዳኝ። ቤልጂየም ያቺን ጥርስ ለቤተሰቡ የመለሰችው በ2022 ነው። እኔም ሰብሳቢ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። እሱም ሰብሳቢ ነበር።

የእኛ ገበያ ሌላ ጠባይ አለው። የጃንሆይ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል። ሻሸመኔ ብትወርዱ ፎቶው፣ ባጁ፣ ቲሸርቱ ሞልቷል። ሁሉም ግን የሕይወታቸው ነው። ከራስታዎቹ ብዙዎቹ ሞታቸውንም አይቀበሉ፣ የ1993ቱ ቀብር ላይም አብዛኞቹ አልተገኙም። ከግድያው የተረፈን ኮንክሪት ብቻ ነው፤ ኮንክሪት ደግሞ የተደረገው እንዳይተርፍ ተብሎ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ትራስ ቢኖር ማስታወሻ ሳይሆን ማስረጃ ነበር። ቦታው ችሎት እንጂ የእኔ መደርደሪያ አልነበረም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ምክንያቱም 1967 መቂ ውስጥ ሌላ መልክ አለው። አባባ ጭሰኛ ነበሩ። እህል በደረሰ ቁጥር የባለመሬቱን ድርሻ ሰፍረው ያስረክቡ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ቀረ። «የዚያን ዕለት ጨፍረናል» ይላሉ፤ ሳያፍሩ። እማማ ግን በ1969 ዓ.ም ብር ሲለወጥ የጃንሆይ ምስል ያለበትን አንድ አረንጓዴ አንድ ብር ባንክ አልወሰዱም፤ በነጠላ ጠቅልለው ደበቁት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እንደዚያ አይደረግም» አሉኝ። ስለ ዘውድ አንድ ቃል አላወሩም።

አባባ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ ከዚያው ሣጥን ውስጥ የገበሬ ማኅበር የመዋጮ ደረሰኝ አውጥተው ብሩ ላይ አስቀመጡት። ሁለቱ ወረቀቶች ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ነጠላ ውስጥ ነው የኖሩት።

እንደ ሰብሳቢ እጄ በላኝ፤ አልደብቅም። «ስጡኝ፣ በፕላስቲክ አድርጌ አስቀምጥላችኋለሁ» አልኳቸው። እማማ ነጠላውን አጠፍ አጠፍ አድርገው ሣጥኑን ቆለፉት። «እኛ ስንሞት» አሉ።

የትራሱ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ሸጦታል።