«ልጄን ማን ያስጠናልኝ?» ከማትሪክ ዘመን እስከ ዛሬ የአስጠኚ ሴቶች መንገድ

በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ሽፋኑ የተላጠ አንድ ደብተር አለ። ቤት ለቤት እየሄድን የምናስጠና አባላት አዲስ ተማሪ ባገኘን ቁጥር እዚያ ላይ እንመዘግባለን። የተማሪው ክፍል፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ይጻፋል። በስተመጨረሻ ያለው ዓምድ «በማን በኩል ተገኘ?» ይላል። ገጾቹን ስናገላብጥ የምናየው «በጎረቤት»፣ «በእድር»፣ «በቀድሞ ተማሪ እናት»፣ «በታላቅ እህቷ» የሚል ነው። «በማስታወቂያ» የሚለውን ፈልገን ካልሆነ አናገኘውም።

አዳዲስ አባላት ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁን «ተማሪ ከየት ይገኛል?» ብለው ነው። መልሱን በአንድ አረፍተ ነገር መስጠት ይቻላል፤ ግን ከየት እንደመጣ ካልታወቀ አይታመንም። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ከሥሩ ለመጻፍ ወሰንን።

ወላጅ ለልጁ አስተማሪ መፈለግ የጀመረው ፈተና ሳይኖር ነው። በቀደመው ዘመን አባት ልጁን ይዞ ወደ የኔታ ሲሄድ የሚያየው ወረቀት አልነበረም። የሚጠይቀው የእኚህ የኔታ ልጆች ዳዊት ደግመዋል ወይ፣ ዲቁና ተቀብለዋል ወይ ብሎ ነው። ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ፊደል ያስቆጥረው ስለነበር ማስጠናትም የተማሪ ሥራ ሆኖ ቆየ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሴት ልጅ የነበራት ቦታ ጠባብ ነበር። ፊደል የቆጠሩ ሴቶች ቢኖሩም አብዛኞቹ እናቶቻችንና አያቶቻችን ከደጅ ቀርተዋል።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ለሴት ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እስኪከፈት ደግሞ እስከ 1931 መጠበቅ ነበረበት። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አስጠኚ የሚሆነው ቀድሞ የተማረ ነውና ወንዶቹ ቀድመው አስጠኚ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲስፋፋና እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ ኮሌጅ አይገባም፤ መካከል ላይ ፈተና ቆመ። ስሙንም ከእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና ወርሶ «ማትሪክ» ተባለ። የስምንተኛ ክፍሉን ፈተና ደግሞ ሕዝቡ «ሚኒስትሪ» አለው። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ «የእገሌ ልጅ አራት ነጥብ አመጣ» የሚል ወሬ ከሠርግ ወሬ እኩል ይወራ ጀመር። ልጁ ራሱ ሳያስበው የሠፈሩ አስጠኚ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማስታወቂያ አልለጠፈም፤ ውጤቱ ራሱ ማስታወቂያ ሆነለት።

በዕድሜ ከፍ ያሉት አባሎቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወጉ ግን ሌላ ታሪክ ይነግሩናል። ከገጠር ለትምህርት የመጡት በዘመድ ቤት ተቀምጠው ነው የተማሩት። ቀን ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ማታ እንጀራ ጋግረው፣ ዕቃ አጥበው ሲያበቁ የቤቱን ልጆች ያስጠናሉ። ያስጠኗቸው ልጆች ሚኒስትሪ ሲያልፉ ምስጋናው «ጎበዝ ልጆች አሉን» የሚል ነበር። አስጠኚዋን ማንም አይጠቅሳትም። ክፍያዋ መኝታና ምግብ ነው፤ እሱም እንደ ውለታ ይቆጠርባታል። ዛሬ ብዙዎቻችን ወላጅ ፊት ቁጭ ብለን «ዋጋዬ ይህን ያህል ነው» ለማለት ምላሳችን የሚተሳሰረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴት ስታስጠና እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ቤት አያያዝ ሲታይ ኖሯል።

አብዮቱ ሲመጣ ማስተማር ከቤት ወጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻዎቹ የራሳቸው መከራ ነበራቸው፤ ያንን የኖሩት ያውቁታል። ለሴቶች ግን አንድ ነገር ጥለው አልፈዋል። በየቀበሌው ጎልማሳ ፊት ቆማ ጠመኔ የያዘች ልጃገረድ ታየች። ከአባሎቻችን አንዷ እናቷ ፊደል የቆጠሩት በዚያን ጊዜ ከጎረቤት ልጅ እንደነበረ ትናገራለች። ያቺ የጎረቤት ልጅ በኋላ የሠፈሩን ልጆች ለማትሪክ ስታዘጋጅ «እሷ እኮ እናቶቻችንን ያስተማረች ናት» ተብሎ ነው ልጅ የተሰጣት። አደራው የመጣው ከሰው ምስክርነት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የፈተናውን አወቃቀር ለወጠ። የቀድሞው ማትሪክ ቀርቶ በ10ኛ ክፍል አንድ፣ ከመሰናዶ በኋላ በ12ኛ ክፍል ሌላ ብሔራዊ ፈተና መጣ። አንድ የነበረው በር ሁለት ሆነ፤ አስጠኚ የሚፈልገውም ወላጅ በዛ። የግል ትምህርት ቤቶችም በየአካባቢው ተከፈቱ። ከእኛ ብዙዎቹ ሥራውን የጀመርነው በዚህ ዘመን ነው። ኮሌጅ ጨርሰን ሥራ ስንፈልግ፣ ወይም ልጅ ወልደን ቢሮ መግባት ሲያቅተን፣ እጃችን ላይ የነበረው ሒሳብና እንግሊዝኛ ነበር።

ተማሪ ፍለጋውም አዲስ ልማድ አመጣ። በመብራት እንጨት ላይ «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት መለጠፍ ተጀመረ። የወረቀቱ ግርጌ በመቀስ ተቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ስልክ ቁጥር ይጻፋል። እኛም ለጥፈናል። ዝናብ አጠበው፤ ሌላው በላዩ ለጠፈበት። ከደወሉት መካከል ለጥናት ሳይሆን ለሌላ ነገር የደወሉ ወንዶችም ነበሩ። ሴት አስጠኚ ስልኳን እንጨት ላይ ስትሰቅል ምን እንደምትከፍል ወንድ ባልደረቦቻችን አይገባቸውም።

ከዚያ ደግሞ አገናኝ ድርጅቶች መጡ። ከአባሎቻችን ሦስቱ በአንድ እንደዚህ ዓይነት ቤት በኩል ሠርተዋል። የመጀመሪያውን ወር ክፍያ አብዛኛውን ድርጅቱ ይወስዳል። ወላጅ በሁለተኛው ወር ከተወ አስጠኚዋ የሠራችው ለትራንስፖርት ነው። ድርጅቱ ግን ለዚያው ወላጅ ሌላ አስጠኚ ልኮ እንደገና ይቀበላል። ሁሉም እንዲህ ናቸው አንልም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነበር፤ በአገናኝ የተገኘ ወላጅ የአገናኙ ደንበኛ እንጂ የአንቺ አይደለም።

ያለፉት አሥር ዓመታት ደግሞ ፈተናው ራሱ የተናወጠባቸው ናቸው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለወጣ ተሰርዞ ወደ ሐምሌ ተዛወረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀረ። የቤት ለቤት ሥራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመብን። ማኅበራችን ከቁጠባው ለአባላት ያበደረው ብር ባይኖር ኪራይ መክፈል ያቃተን ብዙዎች ነበርን።

ትልቁ ፈተና ግን የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት ወር ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ ተሰጠ። በጥር ወር ውጤቱ ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ ከዚያም በኋላ 5.4 በመቶ ሆነ። ቀድሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች የነበረው መኮራረጅ ምን ያህል ነገር ሸፍኖ እንደኖረ ያን ጊዜ ታየ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እውነቱን መጻፍ አለብን። ከዚያ በፊት ከመካከላችን «አይዞዎት፣ እናሳልፈዋለን» ያልን ነበርን። ተማሪ ለማግኘት የሚያስችል አጭር ቃል እሱ ነበርና። ውጤቱ በወጣ ሰሞን አንዲት እናት ወደ አንዷ አባላችን ቤት መጡ። ጉሊት የሚውሉ ሴት ናቸው። የእቁብ ዕጣቸው ሲወጣ ለሌላ ነገር ያሰቡትን ብር ለልጃቸው ጥናት ከፍለዋል። አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንቺ እኮ ያልፋል ብለሽኝ ነበር» ብቻ አሉ። አባላችን የምትመልሰው አጣች። ልጁ ወደ እሷ ሲመጣ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ክፍተት እንደነበረው ታውቅ ነበር፤ ግን ያንን ለእናቱ መንገር ሥራውን የሚያሳጣት መስሏት ዝም ብላ ነበር።

በዚያ ወር ስብሰባችን ረዘመ። አንዳንዶቻችን «ሌላው ሁሉ ዋስትና እየሰጠ እኛ ብንተው ማን ይቀጥረናል?» አልን። ክርክሩ ተገቢ ነበር፤ ጥያቄው የዳቦ ጥያቄ ነውና። በመጨረሻ ግን ደብተሩን አወጣን። «በማን በኩል» የሚለውን ዓምድ ወደ ኋላ እየገለጥን አየነው። ዋስትና በሰጠንበት ቤት በኩል ሌላ ተማሪ የመጣው እምብዛም ነው። ከአንድ ቤት ሦስትና አራት ቤት የወለደልን ያለውን ነገር በግልጽ የነገርነው ወላጅ ነበር። ያኔ አራት ነገር ወሰንን፤ እስካሁንም እንሠራበታለን።

አንደኛ፣ ውጤት ቃል አንገባም። ቃል የምንገባው ሰዓታችንን፣ ዝግጅታችንንና በየወሩ የምንሰጠውን እውነተኛ ሪፖርት ነው።

ሁለተኛ፣ ከክፍያ በፊት ተማሪውን በነጻ እንፈትነዋለን። ከቀደሙት ዓመታት ፈተናዎችና ከታች ክፍሎች ጥያቄ ቀላቅለን ሰጥተን ክፍተቱ ከየት ክፍል እንደሚጀምር ለወላጅ ወረቀት ላይ እናሳያለን። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ ማካፈል ካቃተው እዚያ ነው የምንጀምረው። ይህን ሰምቶ የሚሄድ ወላጅ አለ፤ የሚቀረው ግን ይቆያል፤ ለጎረቤቱም ይነግራል።

ሦስተኛ፣ ወደ አዲስ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችንን አንሄድም፤ ሁለት ሆነን እንሄዳለን። አድራሻውን ለጸሐፊያችን እንተዋለን። የምናስጠናውም በር ተከፍቶ ሳሎን ውስጥ ነው። ስልክ ቁጥራችን በእንጨት ላይ አይለጠፍም፤ በማስታወቂያና በቴሌግራም ላይ የሚወጣው የማኅበሩ ቁጥር ነው።

አራተኛ፣ ዋጋው የጋራ ነው። ከተስማማንበት በታች ማንም አትወርድም፤ ወላጅ መክፈል ካልቻለ ደግሞ በዋጋ ቅነሳ ሳይሆን በማኅበሩ ወንበር በኩል ይስተናገዳል። ወንበሩ እያንዳንዳችን ከወር ገቢያችን ከምናዋጣው የሚከፈል ነው፤ ለጋሾቻችን የምትልኩትም መጽሐፍና ብር እዚያው ይገባል። ቅድሚያ የሚያገኙት ዘመድ ቤት ተቀምጠው ወይም በሰው ቤት እየሠሩ የሚማሩ ልጃገረዶች ናቸው። ያለፈው ታሪካችን እነሱ ስለሆኑ ነው።

ለአዲስ አባላት የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። ከሩቅ አትጀምሩ። ሁለት ተማሪ ከሠፈራችሁ ያዙ፤ እነሱን በደንብ አስጠኑ። በሦስተኛው ሳምንት የተማሪውን ደብተር ይዛችሁ ወላጁን አነጋግሩ፤ የተሻሻለውንም ያልተሻሻለውንም አሳዩ። በሁለተኛው ወር «የሚያውቁት የሚቸገር ልጅ ካለ ይንገሩልኝ» ማለት ነውር አይደለም። የወላጆች ስብሰባ ባለበት ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ መገኘት፣ በእድር ቀን ራስን ማስተዋወቅ፣ የሰፈሩን የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ ማወቅ ከመቶ ወረቀት ይበልጣል። ሥራው ከመስከረም ይልቅ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲወጣ እንደሚበዛም አትርሱ፤ ለዚያ ወቅት ቀድማችሁ ተዘጋጁ።

ያቺ እናት አሁንም ጉሊታቸው ላይ አሉ። አባላችን በነጋታው ሄዳ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ልጁንም ያለ ክፍያ ከሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ጀምራ አስጠናችው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የሙያ ሥልጠና ገብቶ የኤሌክትሪክ ሥራ እየተማረ ነው። ባለፈው ዓመት ደብተራችን ላይ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተመዘገበች። በመጨረሻው ዓምድ ላይ የተጻፈው «በጉሊቷ እናት» የሚል ነው።